ባለቤቴ ያልተቀመጠችባቸው እሁዶች

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል በፊደል ለቅሜ ተማርኩ። ዛሬ በከተማችን በጉቴ ውስጥ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እኔን ነው። ወፍጮና ሬዲዮ ጠግኛለሁ። ብጉንጅ ያሠቃየው ሰውም ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት በእኔ በር ያልፋል፤ እጄ አይንቀጠቀጥም። ጉራ ነው የሚል ካለ እጄ የተወውን ጠባሳ ያሳየኝ።

ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ ባለቤቴ ናት፤ ሌላ ሴት እንደ እሷ ቆማ እንዳትቀር ብላ። ስሟን እንዳልጠራ ግን አስምላኛለች።

ነገሩ የጀመረው በጸሎት ቤት ነው። ምእመኑ ሁሉ ሲቀመጥ እሷ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች። አንድ ሽማግሌ ጨበጡኝና «አዴ በጸሎት በርትተዋል» አሉኝ። አዴ የምንለው የምናከብራትን ሴት ነው። «በእኔ ቤት እንዲህ ነው!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። አራት እሁድ ሙሉ በእሷ መቆም ተመሰገንኩ።

በአምስተኛው ከደረጃው ስትወርድ አየኋት። እግሯን ከፈት አድርጋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ቤት ስንገባ በርጩማ አቀረብኩላት። «ቆሜ ይሻለኛል» አለች።

«እግዚአብሔር ተቀምጠሽም ይሰማሻል።»

ቀልዴን ነበር፤ እሷ ግን አለቀሰች። ከዚያ ነገረችኝ። ከብልቷ አፍ በግራ በኩል መጀመሪያ ባቄላ የሚያህል እብጠት ወጣ፤ አሁን እንቁላል አህሏል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቡናው ሳይለቀም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለአንተ መንገር ለገበያ መንገር ነው።»

ነቀምቴ እንሂድ ብላት ወንድ ሐኪም ከሚያየኝ ልሙት አለች። «እኔ ባልሽስ?» አልኳት። እሺ ስትለኝ መርፌ ቀቀልኩ፣ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ወጋሁት። ወፍራም ነጣ ያለ ፈሳሽ ወጣ። በዚያ ቀን ተቀምጣ ምሳ በላች፤ ሳቀችም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ያን ያህል የኮራሁበት የለም።

አሥር ቀን አልቆየም። እብጠቱ ተመለሰ፤ አሁን ቀልቶ እንደ ፍም ያቃጥል ነበር። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ሐኪም ወንድ ይሁን ሴት መጠየቋንም ተወች።

ባጃጅ ጠራሁ። መቀመጥ ስላልቻለች ወንበሩ ላይ ተንበርክካ፣ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጥላ ነቀምቴ ሆስፒታል ገባን። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ይሰምጣል። እኔ ስጸልይ ለእግዚአብሔር ትንሽ ምክር መጨመር ልማዴ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን «እባክህ» ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ።

ሐኪሙ ወጣት ወንድ ነበር። አብራው የነበረችው አዋላጅ የወሎ ሰፋሪዎች ልጅ ናት፤ ኦሮምኛዋ ከእኔ አያንስም። «አካኮ፣ እዚህ ይቁሙ» ብላ እንደ አያቷ ጠራችኝና የባለቤቴን እጅ ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

«ይህን ማን ነው የወጋው?» ሲል ሰማሁት ሐኪሙን።

አፌን ከፈትኩ። ቃል ሳይወጣኝ ባለቤቴ ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ።»

«እንዴት አዩት፣ እናቴ?»

«በመስታወት።»

ሐኪሙ ተቆጣት። እዚያ ቦታ በግራና በቀኝ ገላውን የሚያረጥቡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ የአንዱ መውጫ ሲደፈን ፈሳሹ ይጠራቀምና ያብጣል። በመርፌ ቢወጋ ይተነፍሳል እንጂ አይድንም፤ ቀዳዳው ተዘግቶ መልሶ ይሞላል። ጀርም ሲገባበት ደግሞ መግል ይቋጥራል፣ አላት። ስድቡ የእኔ ነበር። እኔ ጫማዬን አየሁ።

አደንዝዞ ከፈተው፤ መግሉን አፈሰሰ፤ መንገዱ እንዳይደፈን ቀጭን ቱቦ አስገባበት። ከዚያ ወደ እኔ ወጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። በእሷ ዕድሜ እንዲህ ያለ እብጠት ሲመጣ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ካንሰር እንዳይሆን ቁራጭ ሥጋ ወስደን ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ እንልካለን አለኝ።

ውጤቱ እስኪመጣ የነበሩትን ሳምንታት እንዴት ልጻፋቸው? መድኃኒቷን በሰዓቱ ሰጠሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ አሙቄ፣ በክርኔ ለክቼ፣ ለብ ሲል በንጹሕ ሳፋ አቀርብላታለሁ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ትዘፈዘፍበታለች። አንድ ቀን የማውቀውን ቅጠል ይዤ ብቀርብ «እውቀትህን ሳፋዬ ውስጥ እንዳትጨምር» አለችኝ። ቅጠሉን ጣልኩት።

እሷ እየተሻላት ሄደ፤ እኔ ግን እህል አልወርድ አለኝ። ካንሰር ከሆነ መርፌዬ በትኖት ይሆን? ያለኝን አሮጌ የጤና መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ፤ ስለዚህ አንዲት መስመር የለውም። ሐኪሙን ልጠይቅ ብል መጀመሪያ ማን እንደወጋው መናገር አለብኝ። ብጉንጅ ይዞ የመጣ ሰው ከበር መለስኩ። ለሳፋው ውሃ ስቀዳ እጄ እየተንቀጠቀጠ መሬቱን አረጠበው። እሷ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ውጤቱ መጥቷል ተብሎ ስልክ ተደወለ። በባጃጁ እሷ ደልደል ብላ ተቀመጠች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ባዶ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ሐኪሙ አስገብቶን ወረቀቱን ገለጠ። «ካንሰር አይደለም» አለ። «ዕጢው ተቆጥቶ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። ቱቦውን በቀጠሮው እናወጣዋለን። ግን እናቴ፣ ሁለተኛ መርፌ እንዳይነኩ!»

«እኔ ነኝ የወጋሁት» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «እሷ አይደለችም። በትኜው ይሆን እያልኩ ነው የሰነበትኩት።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «አሁን ዝም ብትል ምን ነበረበት? ስድቡን እኔ ተቀብዬ ጨርሼው ነበር።»

አዋላጇ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሐኪሙ አልሳቀም። «አባቴ፣ ሰው አሁንም ለብጉንጅ ይመጣልዎታል?»

«ይመጣል።»

«ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩልን።»

እየላክሁ ነው።

በቀጣዩ እሁድ ባለቤቴ ከፊት በሁለተኛው ረድፍ ተቀመጠች። ሽማግሌው ሲወጡ ያዙኝ። «አዴ ጸሎቱን ቀነሱት እንዴ?»

መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ሳይሆን ሦስት መልስ። እሷ ከጎኔ ቆማ ታየኛለች። ምንም አልተናገርኩም። እንደዚያ ዝም ማለት የሚችል ሰው ጉቴ ውስጥ ካለ ይምጣ።