ጨፌውን አድርቁት ያልኩ ጊዜ

መቱ ውኃ ሥራ በተቀጠርኩበት ቀን መፍቻና አካፋ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የቡድን መሪያችን ጋሼ ታፈሰ ባዶ ጀሪካን አስያዙኝ። «ሰዓት አለህ?» አሉኝ። አለኝ አልኩ። «እንግዲያው ሥራህን ጀምረሃል» ብለው ሳቁ።

ሥራችን ምንጭ ማጎልበት ነበር። የምንጩን ዓይን ቆፍረን እናገኛለን፣ ዙሪያውን በድንጋይና በሲሚንቶ እንገነባለን፣ ላዩን ከድነን ውኃውን በቧንቧ እናወጣለን። ከሥራው በፊትም በኋላም ጀሪካኑ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለክቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጋሼ ታፈሰ ግንበኛ ቢሆኑም የሚኮሩት በደብተሩ ነበር።

ጓደኞቼ ይቀልዱብኝ ነበር። ዝናብ በማይጠፋበት ኢሉባቦር ውኃ ሠሪ መሆን ምን ይባላል? እኔም ብሆን እዚህ አገር ውኃ ያልቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጥፋቴም የጀመረው ከዚሁ ነው።

ሁሩሙ አጠገብ አንድ ምንጭ ጨረስን። ጀሪካኑ በሃያ ሰከንድ ሞላ። ከምንጩ ጎን የሚኖሩት አዴ ጫልቱ መርቀው ማር አቀረቡልን። ጋሼ ታፈሰ ዕቃ ሊያስጭኑ ሲሄዱ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ተሊላ ወደ ጨፌው አመለከቱኝ። ጨፌው ከምንጩ በላይ የተንጣለለ ባለ ረጅም ሣር ረግረግ ነው።

«ጓድ ቴክኒሺያን፣ በምግብ ራሳችሁን ቻሉ ተብለናል። ይሄን አጠንፍፈን በቆሎ ብንዘራበት ምንጩን ይነካዋል?»

በዚያ ዕድሜዬ አላውቅም ማለት ሞት ነበር። «የምንጭ ውኃ የሚመጣው ከመሬት ውስጥ ነው። አድርቁት፣ ትንኙም ይቀንስላችኋል» አልኩ።

«ማሎ፣ ተው እባክህ!» አሉ አዴ ጫልቱ። «ጨፌው እኮ የቡርቃው እናት ነው።»

ምንጩን ቡርቃ ይሉታል። «አሁን እናቱ ሲሚንቶ ናት» ብዬ ቀለድኩ። ሁሉም ሳቁ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም።

በሦስተኛው በጋ ምንጩ ነጠፈ የሚል መልእክት መጣ። ኃላፊያችን «ግንባችሁ ተሰንጥቆ ይሆናል፣ ሄዳችሁ ጠግኑ» ብለው ከጋሼ ታፈሰ ጋር ላኩኝ። ክዳኑን አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ስንጥቅ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድም አልነበረም። ጀሪካኑን ጠብ ጠብ ከሚለው ቧንቧ ሥር ደቀንኩ፤ ደቂቃው ሲደራረብ መቁጠሩን ተውኩት። የምንጩ ሰልፍ ያሰለቻቸው ሴቶች ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። የአዴ ጫልቱ የልጅ ልጅ የወንዙን ውኃ ጠጥቶ በተቅማጥ ክሊኒክ ተኝቶ ነበር።

ወደ ላይ ወጣን። ጨፌው መሐል ለመሐል በጥልቅ ቦይ ተሰንጥቋል። ክረምቱን ጠጥቶ በበጋ ለምንጩ የሚያሰርገው ውኃ በቦዩ ፈስሶ አልቋል። በቆሎው በመጀመሪያው ዓመት አምሮ ነበር አሉ፤ አሁን አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለቤት ክዳን የሚታጨደው ሣር ጠፍቷል፣ ከብቱም በበጋ የሚግጠው የለውም። የእንቁራሪት ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።

«አድርቁት ያልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

ጋሼ ታፈሰ «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእነሱ ንገር» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በዚያ የአብዮት ዘመን አሻጥረኛ መባል ቀልድ ስላልነበር ፈርቼ ነበር። ኦቦ ተሊላም ፈሩ። «በቆሎውን ለአውራጃ ሪፖርት አድርጌያለሁ። ቦዩን ከደፈንኩ አሻጥረኛው እኔ ነኝ!»

ከደብተሬ ወረቀት ገነጠልኩና «ጨፌው የደረቀው በእኔ የተሳሳተ ምክር ነው፤ ቦዩ ይደፈን» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ጋሼ ታፈሰም ሳልጠይቃቸው ከሥር ፈረሙ። ኦቦ ተሊላ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በማግሥቱ የመንደሩ ሰው በእንጨትና በጭቃ ቦዩን ደፈነ። ዳር ዳሩን ለበቆሎ ተውነው።

ለእኔ ከመሥሪያ ቤቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጡረታ እስክወጣ ፋይሌ ውስጥ ነበር፣ አላፈርኩበትም።

ቦዩ በተደፈነ በሁለተኛው በጋ ጀሪካኔን ይዤ ተመለስኩ። በሃያ ሁለት ሰከንድ ሞላ። አዴ ጫልቱ የልጅ ልጃቸውን አዝለው ከደጃቸው ያዩኛል።

«እናትየው እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ደኅና ናት፣ አሁን ከላይ አይቻት መጣሁ» አልኩ። ያን ቀን ሳቁ።

ምንጭ የምትሠሩ ሁሉ፣ ከመቆፈራችሁ በፊት ወደ ላይ ውጡና እዩ። የማታውቁትን ከጠየቋችሁም አላውቅም በሉ።