ቀይ ክር የታሰረበት ጎመን

ልጅ እያለሁ ካዛንቺስ ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ አሰለፈች ያበቀለውን መሬት የማያውቁትን ምግብ አይበሉም ነበር። ሩዝና ፓስታን “የመርከብ እህል” ይሏቸዋል። ጤፉ ቡልጋ ካለው ወንድማቸው ይላካል፤ እንቁላሉ ከራሳቸው ዶሮ ነው፤ ጎመኑ ደግሞ ከጓሯቸው፣ ከአልጋ ከማትበልጥ መደብ። እኛ ልጆች ስናሾፍባቸው አይቆጡም፤ ይልቅ ጠርተው ያጎርሱናል። የዚያ ጎመን ጣዕም ዛሬም ከአፌ አልጠፋም።

ዘሩን እናታቸው ከአገር ሲመጡ በመቀነታቸው ቋጥረው ነው ያመጡት። እትዬ በየዓመቱ አንዱን እግር ጎመን መርጠው ቀይ ክር ያስሩበታል። ክር የታሰረበት አይቀጠፍም፤ አብቦና ደርቆ ለከርሞ ዘር ይሆናል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

አንድ የጾም ቀን እማዬ ከእትዬ ጎመን እንዳመጣ ላከችኝ። እትዬ ቅዳሴ ሄደዋል። መደቡ ላይ የቀረው ባለ ክሩ ብቻ ነው፤ የአምናውም ዘር ተዘርቶ አልቋል። ጓደኞቼ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወቱ ይጠሩኛል። ባዶ እጄን ብመለስ ገበያ መላኬ ነው። ክሩን ፈትቼ ጣልኩና ከሥሩ ነቀልኩት።

እማዬ እሳቸው የሰጡኝ መስሏት ሠራችው። ድስቱ ሲወርድ እትዬ ክሩን በእጃቸው ይዘው ገቡ። እማዬ ነገሩ ሲገባት ልትመታኝ ተነሳች።

“ተይ፣ ልጅቷን አትንኪያት” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ይልቅ ትንሽ አቅርቢልኝ፤ ቀምሼ ልሰናበተው።”

ቀስ ብለው በሉ። አንዴም አላዩኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ ጎመን አልቀመሱም። ምነው በጮኹብኝ ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

አሁን ሰፈራችን ፈርሷል፤ መደቡ የት ጋ እንደነበር እንኳ ለይቼ ማሳየት አልችልም። የምኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው። በረንዳዬ ላይ፣ በቀለም ቆርቆሮ፣ ጎመን ተክያለሁ። ዘሩ ከሱቅ በፓኬት የተገዛ ነው፤ ከየት አገር እንደመጣ አላውቅም። ቢሆንም አንዱ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ለምሳ ልትቆርጥ ቢላ ይዛ ወደ እሱ ጎንበስ ስትል፣ የእኔ በማይመስል ድምፅ ጮህኩባት። ቢላው ከእጇ ወደቀ።

“እማዬ፣ ጎመን እኮ ነው!” አለች እያለቀሰች።

እውነቷን ነው። ስለ ክሩ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። እኔ ግን ያኔ አውቅ ነበር።