የየኔታ አንገትና የእኔ ወገብ

የእናቴ ወንድም ቡሬ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ። ዕድሜ ልካቸውን መጽሐፍ ላይ አቀርቅረው ኖረው፣ ባለፈው ዓመት አንገታቸው ደረቀ። ሰው ሲጠራቸው መላ ሰውነታቸውን ነበር የሚያዞሩት። እኔ ደግሞ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ፤ ከወገቤ ተነሥቶ እስከ ቀኝ እግሬ ጣት የሚወርድ ሕመም ሰሌዳ ፊት መቆም ከልክሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቡሬ ላይ አንድ ነርስ «የቻይና መርፌ» የሚባለውን አኩፓንክቸር ጀመረ ተባለ። አዲስ አበባ ከአንድ ቻይናዊ ሐኪም ዘንድ ሲሠራ ነው አሉ የተማረው። የኔታ ወሬውን እንደ ሰሙ «እንሞክረዋ» አሉ። እኔ ግን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እየተባልኩ ያደግሁ ነኝ። መድኃኒት የሌለው መርፌ ምን ሊፈይድ? እንዳይታለሉ ብዬ አብሬ ሄድኩ፤ ከሄድኩ አይቀር ራሴም ተወጋሁ።

የኔታ ተማሪዎቻቸውን ለረዳታቸው ትተው ቡሬ እናቴ ቤት ተቀመጡ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ክፍሉ በመጋረጃ የተከፈለ ሁለት አልጋ አለው። መርፌዎቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። የኔታ ገና ተወግተው ሳይጨርሱ ያንኮራፋሉ፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ የሰውየውን እጅ እከታተላለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የኔታ «ቀለለኝ» አሉ። እኔን ምንም የተሻለኝ ነገር የለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሳቸውን ነው፤ ሰው ላለማስቀየም ሲሉ የሚናገሩ መሰለኝ። እናቴ ቤት አድሬ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ከኋላቸው ሆኜ ቀስ ብዬ «የኔታ» አልኳቸው። እግራቸው ሳይነቃነቅ አንገታቸው ብቻ ዞረ።

ጥርጣሬዬ ወደ ነርሱ ተሻገረ። የተከበሩ መምህር ከዳኑለት ስሙ አገር ያዳርሳል፤ ለእሳቸው የተለየ ነገር እያደረገ ይሆናል አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊት ለፊት ጠየቅሁት።

«የእሳቸውና የእኔ መርፌ አንድ ነው?»

አልተቆጣም። ሁለት የታሸጉ ፓኬቶች መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «የትኛው ለእሳቸው ይሁን? እርስዎ ይምረጡ።»

መረጥኩ። የኔታ እንደ ልማዳቸው ተኙ፤ የእኔ እግር እንደ ልማዱ ነደደ።

«ታዲያ ለምንድን ነው?» አልኩት።

«የእሳቸው የደረቀ ጡንቻ ነው፤ ደግሞ ከማስተማር አርፈዋል። እርስዎ በመንገድ ተንገላተው ይመጡና መርፌው ሲገባ እንደ ግንድ ይደርቃሉ። ከሁሉም በላይ እግር ድረስ የሚወርድ ሕመም ከነርቭ ሊሆን ስለሚችል ሆስፒታል ይታዩ ብዬዎት ነበር።»

እውነቱን ነው፣ የመጀመሪያ ቀን ብሎኛል። ያን ጊዜ አላውቅበትም ለማለት የፈለገ መስሎኝ ችላ አልኩት።

«በቃ ይኸው ነው ምክንያቱ?»

«እኔ እንጃ። አንድ ዓይነት ሕመም ይዘው ከመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ ተሽሎት ሌላው የማይሻለው ጊዜ አለ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ።»

ከተናገረው ሁሉ ሳላንገራግር ያመንኩት ይህንን ነው።

ስንወጣ የኔታ ሳቁ። «ልጄ፣ እሱ በመርፌ ሲወጋሽ አንቺ በዓይንሽ ስትወጊው ከረምሽ። ታዲያ ከሁለታችሁ ማን ቀድሞ ይዳን?»

ሰኞ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄድኩ። ምርመራው የወገብ ዲስክ መንሸራተት ነው አለ። የሰጡኝን እንቅስቃሴ ለወራት ስሠራ ሕመሙ ቀስ በቀስ ጋብ አለልኝ፤ ጨርሶ ግን አልለቀቀኝም።

የኔታም ወደ ጉባኤያቸው ተመልሰው ሁለት ወር ሳይሞላ አንገታቸው ዳግም መድረቅ ጀመረ። እናቴ «ድሮም ያዳነህ ዕረፍቱ ነው» አለቻቸው። አልተቀበሏትም። ማስተማራቸውን ሳያቋርጡ ወደ መርፌው ተመለሱ። በመጠኑ ቀለላቸው፤ እንደ መጀመሪያው ግን አልሆነም።

«አሁንስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«ግማሹን መርፌው፣ ግማሹን የእናትሽ ቤት ዕረፍት አድኖኝ ይሆናል» አሉ። «የትኛው ግማሽ የማን እንደሆነ ግን አልለየሁትም።»

እኔም አልለየሁትም። አሁን መጽሐፋቸውን ከፍ ያለ አትሮኖስ ላይ ዘርግተው ቀና ብለው ያነባሉ። እኔ ክፍል የምገባው ወንበር ይዤ ነው።