ረመዳን ሲገባ እንተወዋለን

ባለፈው ወር ደረቴን ለመታየት ደሴ ሄጄ ነበር። ያየኝ ሐኪም ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ እያዘዋወረ በረጅሙ አስተነፈሰኝ፤ ከዚያ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ ትንሽ ሲያይ ቆየና ሲጃራ አጭሼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አጭሼ እንደማውቅ፣ ግን ገና በወጣትነቴ እንደተውኩት ነገርኩት። ቀኝ ሳንባዬ ላይ ያለውን አሮጌ ጠባሳ በጣቱ አሳይቶኝ፣ ያኔ ባልተወው ኖሮ ዛሬ እዚህ እንደማልቀመጥ ነገረኝ። እንዴት እንደተውኩትም ማወቅ ፈለገ። ውጭ ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ብዙ ሰው ነበር። «ጓደኛ ነበረኝ» አልኩትና ሸሚዜን ቆለፍኩ።

ወደ ሐይቅ ስመለስ ዝናብ ያካፋ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ይዤ ተቀመጥኩ። ለሐኪሙ የሰጠሁት መልስ አጭር ይሁን እንጂ ውሸት የለበትም። ሙሉውን ግን ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ የጓደኛዬ እናት እትዬ ዘሃራ በሕይወት እያሉ ከአፌ ላወጣው የማልችለው ነገር ነበረበት። እሳቸውም ካረፉ ዓመታት አለፉ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። እኔ የሐይቅ ልጅ ብሆንም ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ውጫሌ ነበር። እዚያ ክፍል የተከራየሁት እትዬ ዘሃራ ከሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ሰይድ። ሰይድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ገበያው ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። እኩያሞች ስለነበርን ለመግባባት ጊዜ አልፈጀብንም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነበር።

ሁለታችንም እናጨሳለን። እኔ የጀመርኩት ማሠልጠኛ ውስጥ ነው፤ የሚያጨስ ሰው የሚያስብ ይመስለኝ ነበር። ሰይድ ደግሞ ከጫት ጋር ነው የለመደው። አመሻሽ ላይ እሱ ሥራውን ሲዘጋ፣ እኔ የተማሪ ደብተር አርሜ ስጨርስ፣ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠን የአምባሰል ተራራ በጭጋግ ሲሸፈን እያየን አንዱን ፓኮ እንካፈላለን። ወሬያችን ስለ ጦርነቱ ነበር። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ ማን ተወሰደ፣ ማን ሸሸ፣ ከማን ቤት ለቅሶ ተሰማ እንባባላለን። በዚያ ጊዜ ሲጃራ መለኮስ ቢያንስ እጅን ሥራ ያስይዛል።

በክረምቱ ሳል ያዘኝ። ብርድ ነው ብዬ ናቅሁት። ዝናቡ አልፎ ማሽላው ሲያሽት ግን ሳሉ አልለቀቀኝም፤ አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አጣደፈኝና መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ጤና ጣቢያው ወደ ደሴ ላከኝ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባልኩ። ለወራት በየቀኑ መርፌ ተወጋሁ። የሚወጋኝ ድሬሰር ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ግን ኪሴ ውስጥ ያለውን ፓኮ በዓይኑ እያየ፣ እሱ በመርፌ የሚያድነውን እኔ በሲጃራ መልሼ የማበላሸው ከሆነ ሁለታችንም በከንቱ እየደከምን መሆኑን ነገረኝ።

ሰው ያኔ ይህን በሽታ በጣም ይፈራ ነበር። ጎረቤቶች እትዬ ዘሃራን ቤት እንዲያስለቅቁኝ እንደመከሯቸው ሰምቻለሁ። እሳቸው አላስለቀቁኝም፤ ብርጭቆ እንኳን አልለዩብኝም። ጠዋት ጠዋት የገብስ አጥሚት በማር አድርገው ያመጡልኝና ጠጥቼ እስክጨርስ በራፉ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ባላቸው የሞቱት እያሳላቸው እንደሆነ የነገሩኝ ያኔ ነው። ሰይድን ተው ብለው ዓመታት ለምነውታል፤ አልሰማቸውም። አሁን እኔንም መለመን ጀመሩ።

ለመተው ሞክሬ ነበር። ግማሽ ቀን እንኳ ሳልቆይ ተማሪዎቹ ላይ እጮሃለሁ፣ ወደ ሱቅ እሄዳለሁ። እንደማልችል ለሰይድ ነገርኩት። የማልችለው ብቻዬን ስለሆንኩ እንደሆነ ነገረኝ። እሱም አብሮኝ ሊተው ነው። በዚያ ዓመት ረመዳን የሚገባው በዐቢይ ጾም መካከል ነበር።

«አንተም ጾመኛ ነህ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ» አለኝ። «ረመዳን ሲገባ እንተወዋለን። እስከዚያ እየተዘጋጀን እንቆያለን። አብሽር፣ ሁለት ሆነን አያቅተንም።»

አብሽር የወሎ ሰው ለታመመ፣ ላዘነ፣ ለፈራ ሁሉ የሚሰጠው ቃል ነው። አይዞህ ማለት ነው፤ ለእኔ ግን ከአይዞህ በላይ ይሞቀኝ ነበር።

ዝግጅቱ እንደ ሠርግ ዝግጅት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መጀመሪያ ከቁርስ በፊት የሚጨሰውን ተውን፤ ቀጥሎ በሥራ ሰዓት የሚጨሰውን። ሰይድ ሲጃራ እንዳልይዝ ብሎ የሸሚዞቼን የደረት ኪስ በሙሉ ሰፍቶ ደፈነው። ክፍል ውስጥ ጠመኔ የማስቀምጥበት አጥቼ ተማሪዎች ሲስቁብኝ ትዝ ይለኛል። እትዬ ዘሃራ የሽምብራ ቆሎ ቆልተው፣ ሲጃራው ሲያምረኝ የማኝከው ዝንጅብል ቆራርጠው ሰጡኝ። ሲጃራ በፍሬ የሚሸጥልን ባለ ሱቅ ጋሽ ሁሴን ደግሞ ከረመዳን ጀምሮ ለሁለታችንም እንዳይሸጥ ሰይድ አስጠነቀቀው። ጋሽ ሁሴን ገበያ የሚከለክል ገበያተኛ አይቶ እንደማያውቅ እየተናገረ እሺ አለ። እትዬ ዘሃራ ሰይድን በአላህ ስም ቃል አስገቡት። ያን ሰሞን ፊታቸው ላይ ያየሁትን ብርሃን ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በገበያ ቀን አፈሳ መጣ።

ለጦር ግንባር የሰው ኮታ እንደወረደ ይወራ ስለነበር ብዙ ጎረምሳ ገበያ መውጣት ትቶ ነበር። ሰይድ ግን ሥራው እዚያው ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። መጀመሪያ የሴቶች ጩኸት ሰማን፤ ከዚያ እንደ ጎርፍ የሚሮጥ እግር። ርዕሰ መምህሩ በሩን አዘግቶ ማንም እንዳይወጣ አደረገ። ነገሩ ጋብ ሲል ወደ ገበያው ሮጥኩ። እህሉ መሬት ላይ ተደፍቶ፣ ባለቤት ያጡ አህዮች ይበሉታል። አንድ እግር የላስቲክ ጫማ መንገድ መሐል ወድቋል። እትዬ ዘሃራ ከሰይድ መኪና አጠገብ ቆመው ነበር፤ መርፌው ሥር ገና ያልተጨረሰ የሴት ቀሚስ አለ። ያዩ ሰዎች እንደነገሩን ሰይድ አልሮጠም። ሰፊ መሆኑን፣ ደጋፊ የሌላት እናት እንዳለችው ለታጣቂዎቹ እየነገራቸው ሳለ ነው ይዘውት የሄዱት። አስተማሪ ስለነበርኩ እኔን የነካኝ የለም።

በማግስቱ የተያዙት ሐይቅ አጠገብ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ እንዳሉ ሰማን። እትዬ ዘሃራና እኔ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሄድን። እሳቸው በጨርቅ የቋጠሩትን ዳቦ ጭናቸው ላይ ይዘው መንገዱን ሁሉ ከንፈራቸው በዱአ ይንቀሳቀስ ነበር። የበልጉ ዝናብ መሬቱን አረስርሶት ማሳው ሁሉ ለምልሟል። ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ፣ ልጆች በሸምበቆ የሰኩትን ዓሣ ለመኪኖች እያሳዩ ይጣራሉ። ያደግሁበት አገር ነው። እንደዚያን ቀን አስቀያሚ ሆኖ ታይቶኝ ግን አያውቅም።

እትዬ ዘሃራ ከወረዱበት ሲያርፉ አንድ ፓኮ ሲጃራ ገዛሁ። ለታሰረ ሰው ከዚያ ሌላ ምን እንደሚገዛ አላውቅም ነበር።

አጥሩ ሽቦ ነው። ከውስጥ ብዙ ወጣቶች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ከውጭ እናቶች። ጠባቂው እትዬ ዘሃራን አስቀድሞ አቀረባቸው። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ እጃቸውን በሽቦው አሾልከው ፊቱን ሲዳብሱት ብቻ አየሁ። ከዚያ እኔ ቀረብኩ። ራሱን ላጭተውት ጆሮዎቹ ትልልቅ ሆነው ይታያሉ። ፓኮውን ሰጠሁት። አየው፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አንዱን አውጥቶ ጎኑ ከቆመ ልጅ ክብሪት ተቀብሎ ለኮሰ።  ሌላ አንድ አውጥቶ ሊሰጠኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም።

«የእኔን ተወው» አለኝ። «አንተ ግን ቀኗን እንዳታሳልፋት። አንተም ከታመምክ እናቴ ማን አላት?»

እሺ አልኩት። ሌላ የምለው ብዙ ነገር ነበር፤ ጠባቂው ተራ ልቀቅ ብሎ ገፋኝ። ከሰዓት በኋላ ወታደራዊ መኪናዎች መጡና ጭነዋቸው ሄዱ። አቧራ እንኳ አልነበረም፤ መሬቱ እርጥብ ነው። እትዬ ዘሃራ መኪኖቹ ከዓይን እስኪጠፉ አላለቀሱም።

ጨረቃ ታየች ተብሎ ረመዳን ገባ። እኔም ተውኩት። እንዲህ በአንድ ቃል ሳወራው ቀላል ይመስላል። ላብ ያጠምቀኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ማንንም ማየት አልፈልግም። እትዬ ዘሃራ በጾም በደከመ ጉልበታቸው ዝንጅብሉን እየቆራረጡ ማስቀመጥ አልተዉም። ማታ ማታ በቴምር ሲያፈጥሩ ለእኔም ፍሬዋን ያቀብሉኛል፤ እኔም የጾም ሽሮዬን ይዤ እሳቸው ዘንድ እቀመጣለሁ። ስለ ሰይድ ብዙ አናወራም ነበር።

አንድ ቀን አልቻልኩም። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ ጋሽ ሁሴን ሱቅ ሄጄ አንድ ፍሬ ስጠኝ አልኩ። ጋሽ ሁሴን ሚዛኑን መወልወል ሳያቆም ሰይድ እንዳይሸጥልኝ እንደነገረው አስታወሰኝ። ሰይድ እኮ የለም አልኩት፤ ድምፄ ጎላ ሳይል አልቀረም። ቀና ብሎ አየኝ።

«ሰይድ መጥቶ ሽጥለት ካላለኝ አልሸጥም» አለ።

ከሱቁ ጀርባ ካለው ግንብ ጥግ ሄጄ አለቀስኩ። ሰይድ ከተወሰደ ወዲህ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲጃራ ልገዛ የትም ሄጄ አላውቅም።

ከሰይድ ደብዳቤ አልመጣም። ጦርነቱ ወደ እኛም መጣ፣ አለፈም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን መንገዱ በባዶ እግራቸው በሚሄዱ፣ ቁራሽ በሚለምኑ ሰዎች ተሞላ። እትዬ ዘሃራ ውሃና ዳቦ ይዘው መንገድ ዳር ይቀመጡና የእያንዳንዱን ፊት ያያሉ። በመጨረሻ አንድ ይማም የሚባል፣ የአምባሰል ገጠር ልጅ፣ በምርኩዝ እያነከሰ ቤታቸውን ጠይቆ መጣ። ከሰይድ ጋር አብሮ የተጫነ፣ አብሮ የሠለጠነ ነው። እትዬ ዘሃራ እንዳዩት ገባቸው። ቢሆንም እስኪበላ ድረስ አልጠየቁትም። ከበላ በኋላ ነገራቸው፤ ሰይድ በጥይት ተመትቶ እንደሞተ፣ ሸሃዳ ብሎ እንደሞተ፣ ጓዶቹ በእጃቸው አፈር እንዳለበሱት። እትዬ ዘሃራ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ሲጃራውን ትቶት ነበር?»

ይማም እኔን አየኝ፤ ከዚያ መሬቱን አየ።

«ትቶት ነበር፣ እናቴ። ረመዳን ከገባ ወዲህ አላጨሰም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ልሸኘው ስወጣ ይማም ከበሩ ራቅ ብሎ ቆመ። ዋሽቻቸዋለሁ አለኝ። እዚያ የማያጨስ ሰው እንዳልነበረ፣ ሰይድም እስከ መጨረሻዋ ጠዋት ድረስ ያጨስ እንደነበር ነገረኝ።

«ግን በለኮሰ ቁጥር አንድ ነገር ይል ነበር» አለ። «እኔ ባልችልም ውጫሌ ላይ ለሁለታችንም የተወ ሰው አለ ይለናል።»

ይማም ተሰናብቶኝ ወደ አቀበቱ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰይድ መተዌን በምንም መንገድ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ደብዳቤ አልደረሰውም፤ ወሬ የሚያደርስለትም ሰው አልነበረም። ዝም ብሎ አምኖኝ ነው።

ይማም የነገረኝን ለእትዬ ዘሃራ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ዘንድ ብዙ ዓመት ኖርኩ፤ ሚስት አግብቼ ወደ ሐይቅ ከተመለስኩ በኋላም በየኢዱ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ልጃቸው ቃሉን ጠብቆ እንደሞተ እያመኑ አረፉ። ደግ እንዳደረግሁ ይሰማኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ እውነተኛውን ልጃቸውን የደበቅሁባቸው ይመስለኛል።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ብርዱ ካልበረታ ከቤቴ ፊት ለፊት ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። አጠገቤ ማንም እንዲያጨስ አልፈቅድም፤ ልጆቼም ጎረቤቶቼም ይህን ጠባዬን ያውቁታል። ሰይድ ቢኖር ዛሬ እንደኔው ሽማግሌ ይሆን ነበር። ጠባዩን ስለማውቀው ምናልባት እስካሁንም አይተወውም ነበር። መጥቶ ከጎኔ ቢቀመጥና ቢለኩስ ግን አንድ ቃል የምናገረው አይመስለኝም።