ዱካዬን የረገጠችው የተራራ አንበሳ

ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት ከፍሌሚንግደን ፓርክ ሕንፃዎች ጀርባ፣ ሸለቆው ውስጥ ያን ቀበሮ መሳይ ኮዮት አይታችሁ እስከ ቤታችሁ ደጃፍ መሮጣችሁን እናታችሁ ነግራኛለች። አልስቅባችሁም። እኔም ብዙ ጊዜ ሮጫለሁ። አንድ ቀን ብቻ እግሬ ሩጥ ሩጥ እያለኝ ቆሜያለሁና እሱን ልንገራችሁ።

ወሩ ፌብሩዋሪ ነው። ስካርቦሮ የምሠራበት ፋብሪካ ሌይኦፍ ብሎ ስላሰናበተን፣ ለአንድ ዊንተር ሥራ ወደ አልበርታ ተራሮች ሄጄ ነበር። አሠሪዬ ዋልተር ይባላል፤ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ዕድሜውን ሁሉ አዳኝ ውሾች ሲያረባ የኖረ ሰው። ሥራችን ጥይት የሌለበት አደን ነበር። ተመራማሪዎች እዚያ ኩጋር የሚሏትን የተራራ አንበሳ አንገቷ ላይ ጂፒኤስ አስረውባታል። ማወቅ የፈለጉት ውሾች ካባረሯት በኋላ የት እንደምትሄድና ምን ያህል እንደምትርቅ ነው። እኛ አባርረን ዛፍ ላይ እናስወጣታለን፤ ከዚያ ውሾቹን አስረን ወደ መኪናችን እንመለሳለን። መንገዷን እነሱ በኮምፒውተር ይከተላሉ።

ውሾቻችን ሁለት ነበሩ። ስማቸው አፌ ላይ አልያዝ ስላለኝ ሁለቱንም ቡቺ አልኳቸው፤ ስሙን የተቀበለችልኝ ግን አሮጊቷ ብቻ ናት። ዋልተር ሲጠራት ታስባለች፣ እኔ ስጠራት ትመጣለች። በዚህ ትንሽ ይቀና ነበር።

አባቴ በጊቤ በረሃ ጎሽና ነብር የገደለ ስመ ጥር አዳኝ ነበር። «የተባረረ አውሬ ዞሮ አያይም» ይል ነበር። ይህን ለዋልተር እንደ ትልቅ ሚስጥር ብነግረው ሳንድዊቹን ማኘኩን አላቆመም።

የዚያን ዕለት ጠዋት በአሮጌው በረዶ ላይ አዲስ በረዶ ስስ ሆኖ ወርዷል። ወንዙ ዳር ዱካዋን አገኘነው፤ የመዳፌን ያህል ሰፊ፣ ክብ፣ ጥፍር የሌለበት። ድመት ጥፍሯን ሸሽጋ ነው የምትሄደው። ውሾቹን ለቀቅናቸው። ጩኸታቸው ረጅም ሆኖ ዳገቱን ወጣ፤ ቆይቶ አጭርና ድግምግም ሲል ዋልተር «ወጣች» አለኝ። በረዶው እስከ ጉልበታችን እየዋጠን ደረስን።

አንድ ጥድ ላይ ተጋድማለች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቆንጆ ፍጥረት አላየሁም። ቆዳዋ የደረቀ ሣር ይመስላል፣ ጅራቷ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። ታች የሚያብዱትን ውሾች ከነመፈጠራቸው ረስታቸዋለች፤ የምታየው እኛን ነው። ዋልተር ግን ሆዷን አየና ፊቱ ተለወጠ። «ጡቷ ወተት ይዟል፤ ቶሎ እሰራቸው፣ እንሂድ» አለ።

አሰርኳቸው። እጄ በብርድ ደንዝዞ የቡቺን አላጠበቅኩትም ኖሯል፤ መኪናው ጋ ስንደርስ የያዝኩት ባዶ ማሰሪያ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዋልተር ጉልበቱ ከድቶት ስለነበር አውሬ ማባረሪያውን የበርበሬ ስፕሬይ ታጥቄ ብቻዬን ልመለስ አልኩ። መኪናው ውስጥ ያለውን የጂፒኤሷን ስክሪን ሳይ አንበሳዋ ከጋራው ማዶ ናት። «ይኸው፣ አባቴ ያለው ነው፤ ሄዳለች» አልኩት።

«መሣሪያው የሚነግርህ ቀደም ሲል የነበረችበትን ነው፤ አሁን ያለችበትን አይደለም» አለኝ።

ሰማሁት፣ ግን አላዳመጥኩትም።

የራሴን ዱካ ተከትዬ ስወጣ፣ ወንዙን እንደተሻገርኩ አንድ ነገር አየሁ። የቡትስ ጫማዬ ምልክት መሃል ላይ የእሷ መዳፍ አርፏል። ጠርዙ ገና አልፈረሰም። ጋራውን ተሻግራ፣ ዞራ ተመልሳ፣ እኛ በሄድንበት ላይ ረግጣ አልፋለች።

ትንሽ አለፍ ብሎ ከድንጋይ ሥር እንደ ወፍ ጫጩት የሚያፏጭ ድምፅ ሰማሁ። ግልገሎቿ ናቸው። ፊት ለፊታቸው ቡቺ ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ ያቺ ለፍላፊ አትጮህም። እናትየው ከወደቀ ግንድ ላይ ወረደች። በመካከላችን አምስት እርምጃ ቢኖር ነው፤ ጆሮዋ ከጭንቅላቷ ተጣብቋል።

«ዌይት፣ ጋሼ፣ ስፕሬዩን ለምን ዩዝ አላደረጉትም?» አልሽኝ ሳሮን? ነፋሱ ወደ ፊቴ ነበር፤ ብረጨው የምታወረው እኔው ነኝ። ውሻዋን ለመያዝ ባጎነብስ ደግሞ እንደ አጋዘን መታየቴ ነው። ጥያት ልሂድ? በእኔ እጅ የላላ ቋጠሮ ነው እዚያ ያደረሳት። ስለዚህ ቀጥ ብዬ ቆምኩና በአማርኛ፣ ያውም በአንቱታ አናገርኳት።

«እሜቴ፣ ልጆችዎን አልነካም። ውሻዬን ይዤ ልውጣ።»

አትሳቁ። ድምፄ እንዳይርገበገብ ያገኘሁት ዘዴ ያ ብቻ ነበር።

ተወረወረችብኝ። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች፤ የረጨችው በረዶ ጉልበቴን መታው፣ ትንፋሿ ሸተተኝ። አልዞርኩም። በቀስታ «ነይ ቡቺ» አልኩ፤ አሮጊቷ ሆዷን መሬት ለመሬት እየጎተተች ወደ እኔ መጣች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሌላም ወደ ኋላ። አንበሳዋ ልትከተለን ትችል ነበር። አልተከተለችንም፤ ሄዳ ድንጋዩ ፊት ተኛችና እስክንሰወር አየችን።

በኋላ ተመራማሪዎቹ መንገዷን በካርታ አሳዩኝ። መስመሩ ከዛፉ ተነስቶ ጋራውን ይሻገራል፤ ከዚያ ተጠምዝዞ የተነሳበት ሸለቆ ይገባል። እኔ መኪናው ጋ ቆሜ «ሄዳለች» ስል እሷ የመልስ መንገዷን አጋምሳ ነበር። ወተቷን ይዛ፣ እኛ ያለንበትን እያወቀች።

ቡቺ በእርጅናዋ ሞተች። ዋልተር የአንገት ማሰሪያዋን በፖስታ ላከልኝ፤ ስካርቦሮ በራፌ ላይ ተሰቅሎ የምታዩት እሱ ነው። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ቋጠሮዬን ያስታውሰኛል።

አባቴንም ብዙ አሰብኩት። ውሸታም አልነበረም። ያባረረው አውሬ ዞሮ ሲመለስ በእርግጥ አላየም፤ ሁሉንም ገድሏቸው ነበርና።