ያደረው ኳስ

ክረምት ሲገባ ቁም ሳጥኔ ይሸታል። የሞራና የአሮጌ ቆዳ ሽታ ነው፤ በጋውን ተኝቶ ከርሞ እርጥበት ሲነካው ይነቃል። ትናንት ከሰዓት የእህቴ ልጅ ጃንጥላ ፍለጋ ወንበር ላይ ቆሞ ከቁም ሳጥኑ አናት ኳሱን አገኘው። አወረደው፤ አገላበጠው፤ ሮጦ ወጥቶም የብስክሌት መንፊያውን ይዞ መጣ።

«አጎቴ፣ ልንፋው?»

«እንዳትነካው!» አልኩት። እንዲያ ስጮህ ሰምቶኝ አያውቅም። መንፊያውን በሩ ሥር ጥሎ ወጣ። እኔም ኳሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። የሞራ ሽታና የቆርቆሮ ዝናብ አብረው ሲመጡብኝ ሁልጊዜ የምገባው አንድ ቤት ነው፤ ጅማ ያለው የእርሻ ኮሌጅ አሮጌ የቡና መጋዘን።

በደርግ ጊዜ ነው። ሰው ስሙ ሲጠራ በሚደነግጥበት ዘመን። እኔ በኮሌጁ ችግኝ ጣቢያ የቡና ችግኝ አጠጣ ነበር እንጂ ተማሪ አልነበርኩም። ፊደል የለየሁትም በራሴ ነው፤ ከማዳበሪያ ከረጢትና ዕቃ ተጠቅልሎበት ከመጣ ጋዜጣ ላይ። የእግር ኳስ ቡድኑ አሠልጣኝ ቁመቴን አይቶ ተጠባባቂ በረኛ አደረገኝ። ተጠባባቂ ማለት እዚያ ቡድን ውስጥ ኳስ በሞራ የሚያሽ፣ መረብ የሚጠግን ማለት ነበር። ቅር አላለኝም። አንደኛውን በረኛ አንድ ጊዜ ሲወረወር ያየ ሰው ቦታውን አይመኝም።

በረኛው የጅማ ልጅ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። አባቱ ከአወቱ መንደራ ሰፈር ወዲህ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ይሰፋሉ። የቡድኑን ማልያ ቁጥሮች የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ የልጃቸውን «1» ከሌሎቹ ወፈር አድርገው። ልጁ ጨዋታ ሲጀመር ከጎሉ መካከል ቆሞ በተረከዙ መሬቱን ይጭራል። ጭረቷን በእግሩ እየዳሰሰ ወደኋላ ሳይዞር ቦታውን ያውቅ ነበር።

ኳሳችን ድሮ አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶት የሄደ፣ በጠፍር ማሰሪያ የሚዘጋ የቆዳ ኳስ ነው። ውስጡ ከመነዳሪ የሚሉት የላስቲክ ፊኛ አለው። የከመነዳሪው አንገት ረጅም ስለሆነ በአፍ ይነፋል፤ ከዚያ በክር ይታሰርና ወደ ውስጥ ይገፋል፤ በላዩ ማሰሪያው ይጠበቃል። የሚነፋው በረኛው ነበር። «ሳንባ ያለው እኔ ጋ ነው» ይላል። ጉንጩ ተነፍቶ ዓይኑ እስኪቀላ ሲነፋ እኔ አንገቱን በሁለት ጣት ይዤ እጠብቃለሁ፤ ሲበቃው በቅንድቡ ሲጠቅሰኝ በክር አስራለሁ።

በየዓመቱ ግንቦት ውስጥ ከከተማው የቡና መጋዘን ሠራተኞች ቡድን ጋር እንገጥማለን። ያን ሰሞን ከተማው ለሁለት ይከፈላል፤ ባልና ሚስት ይኮራረፋሉ። ጨዋታው እሁድ ከሆነ ሐሙስ ከሰዓት አሠልጣኙ የአሮጌውን መጋዘን በር ከፍቶ የደጋፊ ጥያቄ ይመልሳል። ከሸዋ የመጣ፣ የአፈር ትምህርት የሚያስተምር፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። «መምህር» ነበር የምንለው። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው። የሚጠይቅ ሰው ኳሱን ይይዛል፤ ኳስ ያልያዘ አይናገርም። መልሱን ሲያገኝ ኳሱን ለአሠልጣኙ ይወረውርለታል። አሠልጣኙ መልስ ካጣ ግን ጠያቂው ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይኼ «ኳሱ አደረ» ይባላል። አሠልጣኙ መልሱን ይዞ ደጃፉ ድረስ ሄዶ እስኪያስመልስ ኳሱ እዚያው ይቆያል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እዚያ ቤት አይዋሽም። አንድ ዓመት «እናሸንፋለን ወይ?» ሲሉት «አናሸንፍም፤ ተከላካዬ ወባ ይዞታል» ብሎ ደጋፊውን አንገት አስደፍቷል። እንዳለውም ሆነ።

አንዴ ሥጋ ሻጩ፣ «የግራ ክንፍህ ቅጣት ምት ሲመታ አማትቦ ወደ ሰማይ የሚሰደው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አሠልጣኙ መልስ አጣ፤ ኳሱ ሥጋ ቤት አደረ። በማግስቱ ጠዋት ሄዶ፣ «ጠይቄው መጣሁ፤ ጸሎቱን ወደላከበት ነው ኳሱንም የሚልከው» አለው። ሥጋ ሻጩ ሲመልሰው ኳሱ ሞራ ለብሶ ነበር። ኳሱን በሞራ ማሸት የጀመርነውም ከዚያ ወዲህ ነው።

የማወራህ ሐሙስ ግን ሌላ ነው። ማክሰኞ ኳሱን ነፍተን አሰርን። በረኛው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ «በል፣ ነገ ትንሽ ታስወረውረኛለህ» ብሎኝ ሄደ። ማታውን ከአወቱ ወንዝ ድልድይ አጠገብ አንድ ላንድሮቨር ቆሞ ሲያሳፍረው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ረቡዕ ጠዋት ያዩት ሰዎች አላየንም አሉ። ከላይ አንድ ቃል ወረደ፦ የጠየቀ ካለ፣ ለመስክ ሥራ ወደ ቡና አገሩ ሸቤ ሄዷል ይባል።

ሐሙስ መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞላ። የቡና ገለፈት ሽታ ከወለሉ ይነሣል። ብርሃን የሚገባው በበሩና በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ብቻ ነበር። ሰው እንደ ወትሮው ሊጫወት ሞከረ። ሸንኮራ የምትሸጠዋ ሴት ኳሱን እንደ ሕፃን ታቅፋ ተነሣች።

«መምህር፣ ያ አጭሩ ልጅህ ገና ሲነኩት የሚወድቀው ምነው? ምሳ አትሰጡትም እንዴ?»

«ይበላል እትዬ፤ ግን እየሮጠ ያልቅበታል።»

«እንግዲያው እሁድ ጠዋት እኔ ጋ ላከው። አገዳ አስግጬ ነው የምሰድልህ፣ ማንም አይገፋውም!»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ከልኩ በላይ ረዘመ፤ ማቆም የፈራ ይመስል ነበር። ከዚያ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ እጁን ዘረጋ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ የመጋዘን ሠራተኞቹን ቡድን አረንጓዴ ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮ ነበር።

«መምህር፣ እሁድ መረባችሁን ማን ይጠብቀዋል? አንድ ቁጥራችሁ መንገድ ወጣ ሲሉ ሰማሁ።»

አሠልጣኙ ወደ እኔ አየ። «እሱ ይጠብቃል» አለ። ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ እጄ ውስጥ የነበረውን የሞራ ጨርቅ የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

በዚህ መካከል ዝናቡ መጣ። የጅማን የግንቦት ዝናብ ታውቀው እንደሆን አያስጠነቅቅም፤ አንዴ ነው የሚወርደው። የበረኛውን አባት፣ ልብስ ሰፊውን፣ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ አብዮት ጠባቂው ዘረጉ። ሰውየው ወዲያና ወዲህ አየ። ደንብ ደንብ ነውና ኳሱን ሰጣቸው።

«መምህር፣ ልጄ የት ነው?» አሉ።

ቆርቆሮው ድምፃቸውን ዋጠው። አሠልጣኙ ጆሮውን አዘነበለ። ምናልባት ሰምቶ ይሆናል፤ አላውቅም።

«ልጄ የት ነው?» አሉ ደግመው፣ ከፍ አድርገው። አሁንም ዝናቡ በለጣቸው። ሦስተኛውን ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኹ፤ ሲጮኹም ቃሉ ከእናታቸው ቋንቋ ወጣ።

«ኢልሚ ኮ ኤሳ ጂራ?»

እዚያ ቤት ኦሮምኛ የማይሰማ አልነበረም። ያን ጊዜ በሹክሹክታ እንኳ የማይጠየቅ ጥያቄ ነበር። ዝናቡ ባይኖር እሳቸውም አይጮኹም ነበር።

አብዮት ጠባቂው ኳስ ባይዝም ተናገረ። «ሸቤ ነው ያለው በላቸው እንጂ መምህር! ለመስክ ሥራ ነው የሄደው!»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «አንተ ልጅ፣ ቡና የሚለቀመው በጥቅምት ነው። በግንቦት ሸቤ ሄዶ ምን ያያል?» አሉት። ከዚያ ወደ አሠልጣኙ ዞሩ። «መምህር፣ አንተ ንገረኝ። እዚህ አይዋሽም ብላችኋል።»

አሠልጣኙ የሚጠበቅበት አንድ ቃል ነበር። «ሸቤ» ቢል ኳሱ ይመለሳል፤ ሰው ይበተናል፤ ሁሉም በሰላም ቤቱ ይገባል። እጁ ኳስ ሊቀበል እንደተዘረጋ አየር ላይ ቀርቷል። ዝናቡን ለማሸነፍ እሱም መጮህ ነበረበት። ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አላውቅም፣ አባባ! ኳሱ ይደር!»

ሽማግሌው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ኳሱን ኮታቸው ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ዝናቡ ወጡ።

እሁድ በመጋዘን ሠራተኞቹ ኳስ ተጫወትን። ቁጥር የሌለው የራሴን ሸሚዝ ለብሼ ጎሉ ውስጥ ስቆም እግሬ አንድ ነገር ነካ። ያለፈው ልምምድ ላይ በረኛው በተረከዙ የጫራት ጭረት ናት፤ ዝናብ ውኃ ሞልቶባታል። እዚያ ላይ ላለመቆም ስል ጨዋታውን ሙሉ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ነበርኩ። አንድ ለባዶ ተሸነፍን። ጎሉ እንዴት እንደገባ ዛሬ ብትጠይቀኝ አልነግርህም። ጭረቷን ግን ልስልልህ እችላለሁ።

ሰኞ ሁለት ሰዎች ወደ አሠልጣኙ ክፍል መጡ። «ለአጭር ጥያቄ ነው መምህር» አሉት። ኮቱን እንኳ ሳይዝ ተከትሏቸው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ኮሌጁ ውስጥ የበረኛውን ስም የሚጠራ ጠፋ። እኔም አልጠራሁትም። ሐሙስ ሐሙስ ግን ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ መሄድ ጀመርኩ። የሲንጀር ስፌት መኪናቸው ይጮኻል፤ እኔ ክር አቀብላለሁ። ኳሱ መደርደሪያው ላይ፣ ገና ካልተሰፉ ጨርቆች መካከል ተቀምጧል።

ቡና ሲቀላ አሠልጣኙ ተፈታ። በዚያው ሐሙስ ሱቁ ስደርስ ሽማግሌው ኳሱን አውርደው በጨርቅ ሲጠርጉት አገኘኋቸው።

«መምህሩ ወጣ አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ይመጣል። እስቲ ይኼን ንፋልኝ ልጄ፣ ልምሾ ሆኗል። የሰው አማና፣ አደራ ነው፤ ተንፍሶ አልመልስለትም።»

ተቀበልኳቸው። እውነትም ለስልሶ ነበር። ላስቲክ አየር ብዙ አያቆይም። ማሰሪያውን መፍታት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ጣቴ ቆመ።

«አባባ» አልኩ፣ «ይኼን የነፋው እሱ ነው።»

«ማን?»

«ልጅዎ። ማክሰኞ ዕለት፣ በአፉ። የላስቲኩን አንገት የያዝኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልፈታውም።»

«ዋላሂ በል።»

«ዋላሂ፣ አባባ።»

ክርስቲያን መሆኔን ሁለታችንም ረሳን። እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑ። መርፌ የጠቀጠቀው፣ ደረቅ እጅ ነበር። «ተው» አሉ ቀስ ብለው። «ዝጋው። አጥብቀህ ዝጋው።» የፈታሁትን መልሼ ሳስር ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩኝ ነበር።

አሠልጣኙ አመሻሹ ላይ መጣ። ከስቷል፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም፤ ሲናገር አፉን በእጁ ይከልላል። ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«መልሱን አላመጣሁም፣ አባባ። የያዙኝን ሁሉ ጠየቅኩ። አላገኘሁም።»

ሽማግሌው ኳሱን በሁለት እጃቸው አንስተው መደርደሪያው ላይ መለሱት።

«ግባ ልጄ» አሉት። «ኳሱ ይደር።»

ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ ቡድን ይዞ አያውቅም። ሐሙስ ግን አይቀርም ነበር። ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ሲመለስም መንገድ ላይ ባለችው ሰኮሩ አላድርም ብሎ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ይደርሳል። ደጃፉ ላይ «አላገኘሁም» ለማለት ራሱን ይነቀንቃል፤ ሽማግሌው ወንበር ይስቡለታል። መንግሥት ተለውጦ የተዘጉ በሮች ሲከፈቱ በየበሩ ዞሮ ጠየቀ። ያኔም አንድ ሐሙስ መጥቶ ራሱን ነቀነቀ።

ሽማግሌው ሲሞቱ የበረኛው እኅት ኳሱን ወደ አሠልጣኙ ላከችው። አልቀበልም አለ፤ መልስ ሳይዝ እንዴት ይቀበላል? «አንገቱን የያዝከው አንተ ነህ» ብሎ እኔ ዘንድ አሳደረው። አሁን እሱም የለም።

ቅርጹን የያዘው በሞራ የደረቀው ቆዳ እንጂ አየሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አውራ ጣቴን ስጫነው ከሥር መልሶ የሚገፋኝ ነገር ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ማሰሪያውን ግን አልፈታሁም።

ማታ የእህቴ ልጅ መንፊያውን ሊወስድ ሹክክ ብሎ ገባ። ጠራሁት። አጠገቤ አስቀምጬ ጨርቅና ሞራ ሰጠሁት፤ ማሰሪያውን ሳይነካ ቆዳውን እንዴት እንደሚያሽ አሳየሁት። ብዙ አሸ።

«አጎቴ፣ ማን ነበር የነፋው?» አለኝ በመጨረሻ።

ዝናቡ ቆሞ ስለነበር መጮህ አላስፈለገኝም። ስሙን ነገርኩት።