በበግ ጠጉር ክር የተለካው መኝታ ቤት

አማከለች በሞላሌ በፈትል የታወቀች ሴት ናት። የእሷን ክር ያገኘ ሸማኔ የሠራውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ዘርግቶ "ይህ ባና ለልጅ ልጅ ይተርፋል" እያለ ገዢ ፊት ይኮራል። ቤት ግን ሠርታ አታውቅም። በሚሌኒየሙ ዓመት፣ ስድሳ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ መኝታ ቤት ከነመታጠቢያው ልታሠራ ተነሣች።

ምክንያቱ ባሏ ናቸው። መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ባለፈው ኅዳር ማልደው ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ድንጋዩ ላይ ውርጭ ጋግሮ ኖሮ ተንሸራተው ወደቁ። ሽንት ቤቱ እንደ አገሩ ወግ ከጓሮው ጥግ፣ ከቤቱ ስድሳ ሦስት እርምጃ ርቆ ነው የተቆፈረው። ስታገኛቸው የጋቢያቸው ጫፍ በብርዱ ደርቆ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ያለ መቋሚያቸው አይራመዱም። እሷም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ጎሕ ሲቀድ በሩ ሲጢጥ ሲል በሰማች ቁጥር፣ እስኪመለሱ ድረስ ልቧ ይንጠለጠላል። ሁለተኛ ከወደቁ እንደማይነሡ ታውቃለች፤ ፈርታለች።

ልጃቸው የምሥራች ደብረ ብርሃን በነርስነት ትሠራለች። የአባቷን መውደቅ ስትሰማ በአንድ ወጣት ነዳፊ የቤት ፕላን አሠርታ ላከች። ከነባሩ ቤት ጎን የሚቀጠል "ማስተር መኝታ ቤት" ነው፤ ሽንት ቤቱና ሻወሩ እዚያው በውስጡ።

"በውስጡ?" አሉ መሪጌታ። "ሰው ከሚተኛበት፣ ጸሎት ከሚደረስበት ጣራ ሥር? ሙሴ እንኳ ሕዝቡን ለዚህ ጉዳይ ከሰፈር ውጡ ነው ያለው።"

"ሙሴ የነበረው በረሃ ነው" አለች አማከለች። "የሞላሌን ውርጭ ቢያውቀው ኖሮ እርስዎን ከሰፈር አያስወጣዎትም ነበር።"

መሪጌታ አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲረቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በዚህ ግን ተረቱ። መረታት ሌላ፣ እሺ ማለት ሌላ ነው እንጂ።

ግንበኛው ወሰኔ ተጠራ። ወሰኔ አንድ ድንጋይ ገና ከሩቅ አይቶ የት እንደሚገጥም የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከወረቀት ጋር ግን ብዙም ፍቅር የለውም። እሱና አማከለች ወረቀቱን ግቢው መሐል መሬት ላይ ዘረጉትና የላይኛውን ጠርዝ፣ ራሱን፣ ወደ ምሥራቅ አድርገው አስቀመጡት። ይህን ሲያደርጉ አንዳቸውም አልጠየቁም። ጸሎት ወደ ምሥራቅ፣ መቅደሱም ወደ ምሥራቅ፤ የወረቀት ራስ ታዲያ ወዴት ሊሆን ኖሯል?

ወሰኔ ገመዱን ለመሠረቱ ዙሪያ ብቻ ዘረጋ።

"አልጋውስ የት ነው? በሩ ወዴት ይከፈታል?" አለች አማከለች።

"እትዬ፣ እሱ ቤቱ ሲያልቅ ይታያል።"

"ካለቀ ወዲያማ ምኑን አየሁት! የተሸመነ ክር አይቃናም።"

ገብታ ጥቁርና ነጭ የበግ ጠጉር ክር ልቃቂት ይዛ ወጣች። ግድግዳውን በጥቁር ክር፣ አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑንና የሽንት ቤቱን መቀመጫ በነጭ ክር፣ በየማዕዘኑ ችካል እየተከለች አሰመረችው። ጎረቤቷ አልጣሽ በአጥር አሻግራ አይታ "ምነው አማከለች፣ ወጥመድ ነው እንዴ? ምን ልትይዢበት ነው?" አለቻት። "መሪጌታን!" አለች አማከለች። ውሸት የለበትም።

መሪጌታም መጡ። በክሩ አልጋ አጠገብ ቆሙና፣ እንደ ልማዳቸው ለጸሎት እንደሚነሡ ሁሉ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሩ። ከፊታቸው በነጭ ክር የተሰመረው መቀመጫ ፍጥጥ ብሏል።

"ይህ ምንድን ነው?"

ወሰኔ መሬት መሬቱን እያየ "የሽንት ቤቱ መቀመጫ ነው፣ መሪጌታ" አለ።

"እንግዲህ እኔ በየማለዳው ለዚህ ልሰግድ ነው!" አሉ፤ ቁጣውም ደስታውም አንድ ላይ ነው የመጣባቸው። "ነገሩ አልቋል። አንቺም ክርሽን ጠቅልይ።" መቋሚያቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ ረትተው ሄዱ።

ወሰኔ ሳቁን በእጁ አፈነ። አማከለች ግን ክሩን አልጠቀለለችም። መሠረቱ ሰኞ ሊቆፈር ነው፤ ኅዳር ደግሞ አይቀርም። በክሩ ክፍል ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

"ወሰኔ፣ ከሽንት ቤቱ ወዲያ ያለው ይህ ክብ ምንድን ነው?"

"የፍሳሹ ጉድጓድ ነው።"

አማከለች ወደ ምሥራቅ አየች። መሬቱ ወደዚያ ዳገት ነው፤ ከዳገቱ ላይ የአልጣሽ ጎመን ተተክሏል።

"አንተ፣ ዕድሜ ልክህን ስትገነባ ውኃ ዳገት ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?"

ወሰኔ ቀርቦ ከጎኗ ቁጢጥ አለ። እሷ ወረቀቱን ቀስ ብላ አዞረችው፤ ክቡ ወደ ቁልቁለቱ፣ ወደ ሰሜን እስኪዞር ድረስ። ያኔ ከወረቀቱ ጥግ ያለችውን፣ ሁለቱም የነዳፊው ጌጥ መስላቸው የተዉአትን ትንሽ ቀስት ልብ አለቻት። ከጫፏ ላይ "ሰ" ተጽፏል።

"ሰሜን" አለ ወሰኔ ራሱን እያከከ። "ይኸው ቤቱን ከነአልጋው አጣመን አስተኝተነዋል።"

ችካሉን ሁሉ ነቅለው እንደገና ተከሉ። ሽንት ቤቱ ወደ ሰሜን ሄደ። የምሥራቁ ግድግዳ ጸዳ፤ መስኮትም ወጣለት። አማከለች ከመስኮቱ ጎን ለሥዕሉና ለአትሮንሱ የሚሆን ቦታ ከራሷ ጨምራ በነጭ ክር አሰመረች። ይህን ነዳፊውም አላሰበው።

ከዚያ መሪጌታን በልመና አመጣቻቸው። "አሁን ተኝተው እንደ ነቁ ይሁኑ። ዓይንዎን ይጨፍኑና ከአልጋው ተነሥተው ወደ ሽንት ቤቱ ይሂዱ።"

"ልጅ አደረግሽኝ" እያሉ ጨፈኑ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ በቀኝ በኩል ጥቁሩን ክር ተሻገሩት።

"ግድግዳ!" ብላ ጮኸች። "ግንባርዎን ገጩ!"

መሪጌታ ደንግጠው እውነት ግንባራቸውን ያዙ። ወሰኔ ከዚህ በኋላ ሳቁን የሚያፍንበት እጅ አላገኘም። ተመልሰው፣ በመቋሚያቸው እየዳበሱ የሽንት ቤቱን በር አገኙና ገቡ። አማከለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቆጥራለች፤ ሰባት እርምጃ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ ነጩን ክር፣ የአትሮንሱን ቦታ አዩት። "ይሠራ" አሉ። "እንግዳ ይጠቀምበታል። እኔ ግን እግሬን አላስገባም።"

አማከለች "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለች በሆዷ፣ ክሯንም መልሳ ጠቀለለች።

ቤቱ ክረምት ሳይገባ አለቀ። ያን ክር አጥባ ለሸማኔ ሰጥታው ለአዲሱ አልጋ ባና ሆነ። መሪጌታ መኝታውን ወደዱት፣ መስኮቱን ወደዱት፣ አትሮንሳቸውን ራሳቸው ተሸክመው አስገቡ። ለጉዳያቸው ግን ክረምቱን ሙሉ ጭቃውን እየረገጡ ያንኑ ስድሳ ሦስት እርምጃ ሄዱ። የእሷም ልብ ክረምቱን ሙሉ እንደተንጠለጠለ ከረመ።

ኅዳር ገባ። አንድ ቀን ገና ሊነጋ ሲል ነቅታ እጇን ብትሰድ ጎኗ ባዶ ነው። በመስኮቱ ብታይ ሣሩ ነጭ ሆኗል። ጫማም አላደረገች፤ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በሩን በርግዳ ወደ ጓሮ ሮጠች። ድንጋዩ በውርጭ ተሸፍኗል፣ የእግር ዱካ ግን የለበትም። ሽንት ቤቱንም ከፈተችው፤ ባዶ ነው።

"መሪጌታ! ኧረ መሪጌታ!"

እየተጣራች ስትመለስ ከቤቱ ከሰሜኑ ወገን፣ ከመታጠቢያው ትንሽ መስኮት ሳል ሰማች። ከሳሉም ኋላ ውኃ ሲወርድ ሰማች። መሪጌታ እዚያ ቦታ ላይ ሆነው የጸሎት ቃል ከአፋቸው አያወጡም፤ ቁጣ ግን አልተከለከለም።

"አንቺ ሴትዮ!" አሉ ከውስጥ። "በዚህ ውርጭ ባዶ እግርሽን ውጭ ምን ያንከራትትሻል? ትወድቂያለሽ! ግቢና በሩን ዝጊው፣ ብርድ አስገባሽብኝ!"

አማከለች ገባች፤ በሩንም ዘጋችው። እግሯ ደንዝዞ ነበርና አልጋው ላይ ወጥታ በባናው ጠቀለለችው፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም እስኪወጡ ጠበቀቻቸው።